ናሃላል፦ በረግረግ ዳር የተዘረጋችው ክብ መንደር

ከአየር ላይ ለሚመለከታት ሰው ናሃላል በምድር ላይ የተጋደመች ትልቅ የሠረገላ መንኰራኵር ትመስላለች። በመካከሏ ክብ አደባባይ አለ፤ በአደባባዩ ዙሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ ከየቤቱ ጓሮ የሚነሣው እርሻም ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር እየሰፋ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግቶ ከሜዳው ጋር ይቀላቀላል። በሰሜን እስራኤል፣ በኢይዝራኤል ሸለቆ ምዕራባዊ ክፍል የምትገኘው ይህች መንደር የነዋሪዎቿ ቁጥር አንድ ሺህ ገደማ ቢሆንም፣ ንድፏ በሥነ ሕንፃና በከተማ ፕላን መማሪያዎች ውስጥ እየተደጋገመ ይታያል። የመሠረቷትን ሰዎች ያስጨነቃቸው ግን የንድፉ ውበት አልነበረም። ያስጨነቃቸው ውሃው የማይወርድበት ጥቁር አፈር፣ በአፈሩ ላይ የሚረባው ትንኝ፣ ከዚያም በላይ ሰው ከባልንጀራው ጋር ተጋግዞ ነገር ግን በራሱ ቤትና በራሱ ማሳ እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ ነበር።

መንደሯ የተመሠረተችው መስከረም 11 ቀን 1921 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው። ከመሥራቾቹ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ፣ ለዓመታትም በሌሎች እርሻዎች ላይ በቅጥርም ሆነ በኅብረት የሠሩ አይሁዳውያን ነበሩ። ከእነርሱም ጥቂቶቹ በገሊላ ባሕር ዳር በ1910 ከተቋቋመችው ከመጀመሪያዋ የኅብረት እርሻ ከደጋኒያ ወጥተው የመጡ ናቸው። ደጋኒያ ውስጥ ገንዘቡም፣ ማዕዱም፣ ከብቱም የጋራ ነበር። ይህ ኑሮ ለአንዳንዶቹ ተስማማቸው፤ ለሌሎቹ ግን ከበደ። ባልና ሚስት በራሳቸው ጣሪያ ሥር ልጆቻቸውን ማሳደግ፣ የራሳቸውን ላም ማለብ፣ የድካማቸውንም ፍሬ በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ወደ ተራ የግል ገበሬነት መመለስንም አልወደዱም፤ በግል እርሻዎች ላይ ባለቤቱ ሲዘባነን ቀን ሠራተኛው ሲንከራተት አይተዋልና።

የመካከለኛውን መንገድ በጽሑፍ ያሰፈረው ኤሊዔዘር ያፌ ነው። በ1882 በቤሳራቢያ የተወለደው ያፌ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ግብርና የተማረ፣ አፈርን በእጁም በመጽሐፍም የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1919 ባሳተማት አነስተኛ መጽሐፍ የአዲሱን መንደር ሕግ ዘረዘረ። መሬቱ የሕዝብ ይሆናል፤ ገበሬው በረጅም ጊዜ ኪራይ ይይዘዋል እንጂ አይሸጠውም፣ አይለውጠውም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ማሳውን በራሱ ጉልበት ያርሳል፤ ቅጥር ሠራተኛ አያስገባም። ዘር፣ መኖና መሣሪያ የሚገዛው፣ ምርትም የሚሸጠው በጋራ ነው። የታመመ ወይም የሞተ ሰው ማሳ ጦም እንዳያድር ጎረቤት ይደርስለታል። ይህ የመጨረሻው ለኢትዮጵያዊ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ወንፈልና ደቦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ በናሃላል ግዴታው በመተዳደሪያ ደንብ ላይ ተጽፎ የአባልነት መስፈርት መሆኑ ነው። የመንደሩ ዓይነት በዕብራይስጥ ሞሻቭ ተባለ፤ ናሃላልም የመጀመሪያዋ የሠራተኞች ሞሻቭ ሆነች።

ንድፉን ያወጣው በፍራንክፈርት ተወልዶ በ1920 ወደ ፍልስጥኤም የመጣው አርክቴክት ሪቻርድ ካውፍማን ነው። ካውፍማን የመንደሩን ሕግ ወደ መስመር ለወጠው ቢባል ያስኬዳል። በመካከለኛው ክብ ውስጥ ትምህርት ቤቱን፣ ሸቀጥ ቤቱን፣ የጋራ መጋዘኑን እንዲሁም የማያርሱትን የመምህሩን፣ የሐኪሙንና የእጅ ባለሙያዎቹን መኖሪያ አኖረ። ከዚያ በክብ መንገዱ ዙሪያ የ80 ገበሬዎችን ቤት አሰለፈ። ከቤቱ ቀጥሎ በረቱና የዶሮው ቤት ይመጣል፤ ቀጥሎ የአትክልትና የፍራፍሬ ቦታው፤ ዕለታዊ ክትትል የማይፈልገው የእህል ማሳ መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ማንም ገበሬ ከማንም ይልቅ ለመሐሉ የቀረበ ወይም የራቀ አይሆንም። ሌሊት አደጋ ቢመጣም ክብ መንደር ለጥበቃ ይመቻል።

ይሁንና ክብ አንድ ጠባይ አለው፤ ከተዘጋ በኋላ ተጨማሪ ሰው አያስገባም። ካውፍማን ለ80 ቤተሰቦች ሲነድፍ ሰማንያ አንደኛው ቤት የት እንደሚቆም ሥዕሉ አይናገርም። ይህ ጉድለት ሕመም የሆነው ልጆቹ አድገው ሲያገቡ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ መመለስ ይሻላል።

የማይጠልቀው ውሃ

የኢይዝራኤል ሸለቆ ሜዳ ነው፤ ሜዳነቱም ጸጋውም ችግሩም ነው። የቂሶን ወንዝ በዚህ ሜዳ ላይ ሲጓዝ ቁልቁለቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ውሃው ይንቀራፈፋል። ከኮረብቶቹ ግርጌ የሚፈልቁ ምንጮች ደግሞ መውጫ ሲያጡ እዚያው ይተኛሉ። አፈሩም አያግዝም። የሸለቆው ጥቁር አፈር የኢትዮጵያ ገበሬ መረሬ፣ ኮትቻ ወይም ዋልካ የሚለው ዓይነት ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ ይገባሉ፤ አፈሩ ካበጠ በኋላ ግን ቀዳዳው ሁሉ ይደፈንና ውሃው ወደ ታች መስረጉን ትቶ ከላይ ይንጣለላል። ሥሩ አየር ያጣ ሰብል ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

የሸዋና የጎጃም ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በሰሜን ሸዋ የኢነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው አፈሩን ወደ ሰፋፊ መደብ እየከመሩ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወርድበት ፈሰስ ይተዋሉ። በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዚህ ብልሃት ተነሥተው ሁለት ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርተዋል። የናሃላል ሰዎች የመረጡት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር፤ ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከመሬት በታች አወጡት። ቦይ ቆፈሩ፤ የቦዩ ወለል ላይ የሸክላ ቱቦዎችን በተርታ ዘረጉ፤ ውሃው በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ በኩል እየገባ ወደ ዋናው መውረጃ እንዲሄድ አደረጉ፤ በላዩም አፈር መለሱ። የምንጮቹ ውሃ ሳይበተን በአንድ መስመር ሲያዝ፣ ይንቀራፈፍ የነበረው ረግረግ ጠነፈፈ። ቁፋሮው በዶማና በአካፋ፣ ጉልበት ድረስ በሚውጥ ጭቃ ውስጥ የተካሄደ ነው።

ስለ ረግረጉ ስፋት ግን መከራከሪያ ተነሥቷል። ለአሥርተ ዓመታት የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሸለቆው በሙሉ ረግረግ እንደ ነበር ሲያስተምሩ ቆዩ። በ1980ዎቹ ሁለት እስራኤላውያን የጂኦግራፊ ሊቃውንት የጥንት ካርታዎችንና ሰነዶችን መርምረው፣ በእውነት ረግረግ የነበረው የሸለቆው ጥቂት ክፍል ብቻ መሆኑን ጻፉ። ጽሑፋቸው የአባቶችን ድካም የሚያቃልል ሆኖ ስለ ተሰማ ብርቱ ቁጣ አስነሣ። በ1948 በናሃላል የተወለደው ደራሲ ሜይር ሻሌቭም በ1988 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በዚያው ትውልድ ተረት ላይ በፍቅርና በፌዝ ተጫውቷል። ናሃላልን በተመለከተ ግን ጭቃውም ትንኙም ተረት አልነበሩም።

ወባና ኪኒን

መሬቱን እንዲመረምር የተጠየቀው ሐኪም ሂለል ያፌ፣ በወባ ጥናት አንጋፋ የነበረ ሰው፣ በዚያ ቦታ ሰው እንዳይሰፍር መከረ። ከዚያ ቀደም በአካባቢው ለመኖር የሞከሩ ሰዎች በንዳድ ተመተው ቦታውን ለቅቀው እንደ ሄዱ ይነገር ነበርና ምክሩ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። መሥራቾቹ ሰምተው አልሰሙም። የመጀመሪያውን ሠፈራቸውን ግን ከረግረጉ ከፍ ብሎ በሚገኘው በሺምሮን ኮረብታ አጠገብ ተከሉ፤ ክቧ መንደር የተሠራችው ውሃው መንጠፍ ከጀመረ በኋላ ነው።

ደገኛ ገበሬ ወደ ቆላ ለመውረድ ለምን እንደሚያመነታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍርሃት ማብራሪያ አያሻውም። በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብቻ ወደ 150,000 የሚገመት ሕይወት ቀጥፏል። በናሃላልም እንደ ሌላው ሁሉ መድኃኒቱ ኩዊኒን ነበር፤ በአማርኛ የሚዋጥ እንክብል ሁሉ ኪኒን መባሉ የዚህ መድኃኒት ስም ትዝታ ነው። ኩዊኒን የታመመውን ያስታምማል እንጂ በሽታውን ከአገር አያወጣም። አገሪቱን ከወባ የማላቀቁን ሥራ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የመራው እስራኤል ክሊግለር የሚባል የባክቴሪያ ሊቅ ነው። የክሊግለር ዘዴ ለዓይን የማይገባ፣ አድካሚም ነበር። እያንዳንዱ ኩሬ፣ ጉድጓድና ቦይ በካርታ ይሰፍራል፤ ጠባቂ ይመደብለታል፤ በየጊዜው እየተጎበኘ የትንኝ እጭ መኖር አለመኖሩ ይመዘገባል። እጭ ከተገኘ ውሃው ይፈስሳል፣ ወይም መርዝ ይረጭበታል፣ ወይም እጭ የምትበላ ትንሽ ዓሣ ይለቀቅበታል። ከሁሉም በላይ ግን ክሊግለር የደከመው ሰዎችን በማስተማር ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ የተቆፈረ ቦይ ካልተጠረገ በሁለተኛው ዓመት ራሱ ረግረግ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። አይሁዱም ዐረቡም መንደር የሥራው ተካፋይ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወባ ከዚያ ምድር ጠፋ፤ ይህም በዓለም ላይ ከተሳኩት የመጀመሪያዎቹ አገር አቀፍ ዘመቻዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ጭሰኞቹ

የመሬቱ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። የኢይዝራኤል ሸለቆ ሰፊ ክፍል ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ የቤይሩት ባለጸጋ የሆነው የሱርሶክ ቤተሰብ ርስት ነበር። ባለርስቱ ሩቅ ነው፤ የሚያርሱት ዐረብ ጭሰኞች ናቸው። ጭሰኛ የሚለውን ቃል ክብደት ለማወቅ የኢትዮጵያን የቅርብ ዘመን ታሪክ ያየ ሰው ብዙ አያስፈልገውም። በ1920ና በ1921 ኢያሱ ሀንኪን የተባለው የመሬት ገዢ ከሱርሶኮች ጋር ውሉን ሲጨርስ ሽያጩ በሕግ ትክክል ነበር፤ ጭሰኞቹ ግን በሻጭና በገዢ መካከል ድምፅ አልነበራቸውም። ካሳ የተቀበሉም ቢኖሩ ያረሱትን ምድር መልቀቃቸው አልቀረም። ጉዳዩ እየከረረ ሄዶ በ1930 የእንግሊዝ መንግሥት ሰር ጆን ሆፕ ሲምፕሰንን ልኮ የመሬቱን ነገር እስከ ማስመርመር ደረሰ። በ1932 በናሃላል አንድ ቤት ላይ በተወረወረ ቦምብ አንድ ገበሬና ልጁ ተገደሉ። በአቅራቢያው የነበረው የዐረብ መንደር ማሉል ደግሞ በ1948ቱ ጦርነት ነዋሪዎቹን አጣ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። በናሃላል ያደገው ጄኔራል ሞሼ ዳያን በ1969 በሃይፋ ለተማሪዎች ሲናገር የአይሁድ መንደሮች በዐረብ መንደሮች ቦታ መቆማቸውን ሳይሸሽግ ተናግሯል፤ ምሳሌ አድርጎ የጠራውም የገዛ መንደሩን ነበር። የናሃላልን ታሪክ ያለዚህ መተረክ ማሳውን አሳይቶ አራሹን እንደ መደበቅ ነው።

ከንጋት እስከ ማታ

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኑሮ በድንኳንና በእንጨት ጎጆ ነበር። ለመንደሯ የተመደበው ገንዘብ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ቋሚ ቤት መሥራት ዓመታት ወሰደ። የእርሻው ዓይነት ቅይጥ ነበር። በዘመኑ የግብርና ሊቅ የነበረው ይስሐቅ ኤላዛሪ ቮልካኒ በአንድ ሰብል ላይ የተንጠለጠለ ገበሬ የአንድ መጥፎ ዓመት ምርኮኛ ነው ብሎ ያምን ነበርና፣ ላምም ዶሮም አትክልትም እህልም ያለው ቤት እንዲቋቋም ይወተውት ነበር። ፍጉ ወደ አትክልቱ ይሄዳል፤ የአትክልቱ ተረፈ ምርትና የተዘራው መኖ ወደ ላሟ ይመለሳል፤ እንቁላሉና ወተቱ በየሳምንቱ ጥቂት ገንዘብ ያመጣሉ፤ እህሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይገባል።

በዚህ ዓይነት እርሻ ላይ ዕረፍት የለም። ላም በሰንበትም ትታለባለች። ከጎህ በፊት የሚነሣው ሰው ከታለበ በኋላ ወተቱን ተሸክሞ ወደ መሐሉ ክብ፣ ወደ ጋራ መረከቢያው ይሄዳል። የራሱ ጉልበት ብቻ የተፈቀደለት ቤተሰብ ከሆነ ሚስትም ልጅም ሠራተኛ ናቸው። በተግባር በረቱ፣ ዶሮውና የችግኝ መደቡ ብዙውን ጊዜ በሴቶች እጅ ነበሩ፤ ያፌ በጻፋት መጽሐፍ የቤተሰብ ነፃነት የተባለው ነገር ለሴቶቹ ድርብ ሥራ ሆኖ እንደ መጣ መካድ አይቻልም። ይህን ቀድማ ያየችው ሐና ማይዘል የምትባል የግብርና ባለሙያ ናት። ማይዘል በ1911 በገሊላ ባሕር ዳር ለልጃገረዶች የእርሻ ትምህርት የከፈተች ስትሆን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በናሃላል የልጃገረዶች የግብርና ትምህርት ቤት አቋቋመች። ሴቶች ከወንዶች እኩል እንዲያርሱ ከፈለጋችሁ እኩል ይማሩ ነበር መከራከሪያዋ። በ1939 ከቡዳፔስት መጥታ በዚሁ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የተማረችው ሐና ሴኔሽ፣ በ1944 በፓራሹት ወደ አውሮፓ ወርዳ በናዚ ተባባሪዎች እጅ ወድቃ በሃያ ሦስት ዓመቷ ተገድላለች።

የወተቱ ነገር የተለየ ቦታ ይገባዋል። የአካባቢው ላም ሙቀትና መዥገር ቻይ ናት፤ ወተቷ ግን ትንሽ ነው። የሆላንድ ላም ወተቷ ብዙ ነው፤ ቆላውን አትችልም። አርቢዎቹ የደማስቆንና የአካባቢውን ላሞች ከሆላንድ ኮርማዎች ጋር ለትውልዶች እያዳቀሉ፣ የእያንዳንዷን ላም ወተት እየመዘኑና እየመዘገቡ፣ ሁለቱን ጠባይ በአንድ አካል ውስጥ አገናኙ። ዛሬ የእስራኤል ላም በአማካይ በዓመት ከ11,000 ሊትር በላይ ትታለባለች፤ ይህም ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ያሰልፋታል። ምርቱን ለገበያ የሚያቀርበው ትኑቫ የተባለ የኅብረት ድርጅት በ1926 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ዋነኛው ያው የናሃላሉ ኤሊዔዘር ያፌ ነው። ገበሬ ከነጋዴ ጋር በግል ሲደራደር ሁልጊዜ ይሸነፋል የሚለውን እምነቱን እስከ ሞተበት እስከ 1942 ድረስ አልተወም።

ሰማንያ አንደኛው ቤት

ወደ ክቡ ጉድለት እንመለስ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ወደ 10 ሄክታር ይጠጋል። የኪራዩ ውል ለ49 ዓመታት ሆኖ የሚታደስ ሲሆን፣ መሬቱን መከፋፈል ግን አይፈቀድም። አባት አራት ልጆች ቢወልድ እርሻውን የሚወርሰው አንዱ ብቻ ነው፤ በሞሻቭ ቋንቋ ቀጣዩ ልጅ ይባላል። ሌሎቹ ወይ ተምረው ወደ ከተማ ይሄዳሉ፣ ወይ ሌላ መንደር ይመሠርታሉ። በኢትዮጵያም መሬት አይሸጥም፤ ነገር ግን አባት ለልጆቹ እየቆረሰ ይሰጣልና የአንድ ገበሬ ይዞታ በአማካይ ወደ አንድ ሄክታር ወርዷል፤ በብዙ ቦታም ከዚያ ያንሳል። አንዱ ሥርዓት ማሳውን አዳነ፣ ወንድማማቾችን ግን ከቀያቸው ለያየ፤ ሌላው ወንድማማቾችን አቆየ፣ ማሳውን ግን በጣጠሰ። የትኛው ይሻላል ለሚለው ቀላል መልስ ያለው ሰው ውርስ የተካፈለ ቤተሰብ በቅርብ ያላየ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው መንደሮቹ ካኮሩባቸው ነገሮች አንዱ በነበረው በጋራ ዋስትና በኩል ነው። በ1984 የእስራኤል የዋጋ ንረት በዓመት ከመቶ 400 በላይ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ንረቱን ለመግታት ወለዱን ከፍ ሲያደርግ በብድር የሚንቀሳቀሱት የሞሻቭ ማኅበራት ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ሁሉም ለሁሉም ዋስ ስለ ነበር፣ ያልተበደረው ገበሬ የተበደረውን ዕዳ እንዲሸከም ተጠየቀ። በበሽታና በሞት ጊዜ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳሰረው ውል በዕዳ ጊዜ ጎረቤትን ከጎረቤት አጣላ። ጉዳዩን የሚፈታ ልዩ ሕግ በ1992 እስኪወጣ ድረስ ብዙ መንደሮች የጋራ ግዢና ሽያጫቸውን አፍርሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ያሉ አነስተኛ የቤተሰብ በረቶች ቁጥር እየተመናመነ መጣ። በምዕተ ዓመቱ መባቻ የወጣው የወተት ዘርፍ ማሻሻያ የበረት ፍሳሽ እንዲጣራ ስላስገደደ ወጪውን ያልቻለ ገበሬ ድርሻውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ በረቱን ዘጋ። የራስ ጉልበት የሚለው ደንብም ላላ፤ ዛሬ በእስራኤል ማሳዎች ላይ ከታይላንድ የመጡ ብዙ ሠራተኞች ይታያሉ። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ በምትርቀው በአፉላ ከተማ የሚኖሩ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዛሬ የሚያዩት ሸለቆ፣ መንገዱም ማሳውም የተስተካከለ፣ ረግረጉ የት እንደ ነበር የማይታወቅበት ሸለቆ ነው።

መሥራቾቹ መጀመሪያ ድንኳን የተከሉበት የሺምሮን ኮረብታ አሁን የመንደሩ መቃብር አለበት። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 19፣ በዛብሎን ነገድ ርስት ዝርዝር ውስጥ ነህላልና ሺምሮን ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በኮረብታው ላይ ከ2017 ጀምሮ የሚቆፍሩ አርኪዮሎጂስቶች ከ3,800 ዓመታት ገደማ በፊት በጭቃ ጡብ የተሠራ፣ ጣሪያው በጡብ የተደፈነ ጠባብ መተላለፊያ ሳይፈርስ አግኝተዋል፤ ከመሬቱ በታች ተቀብሮ ስለ ቆየ ጡቡ እንዳለ ነው። ሞሼ ዳያን የተቀበረው በዚሁ ኮረብታ ነው። የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞንም፣ በየካቲት 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኰራኵር ወደ ምድር ስትመለስ ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር ከሞተ በኋላ፣ አስከሬኑ መጥቶ በናሃላል አርፏል። ከመቃብሩ ቁልቁል ሲታይ ክቧ መንደር፣ ከክቧም የሚወጡት ማሳዎች በሙሉ ይታያሉ።